የጋሼ ሐሚድ ጉበት

ሸዋ ሮቢት፣ መጋቢት 8 ቀን 1963 ዓ.ም.

በአላህ ስም እጀምራለሁ።

ይድረስ ለእህቴ ልጅ ለአብዱረዛቅ፣ ካርቱም ከተማ። አላህ ጤናህን ያብዛው፣ የምትቆምበትን ምድር ያለስልስልህ፣ ሚስትህንም ከዚያ አገር ሙቀት ይጠብቃት። እኔ አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ። በሬዎቹ ደህና ናቸው። የሮቢ ወንዝም ደህና ነው፤ ዘንድሮ የሰው ከብት አልወሰደም።

ይህን የምጽፍልህ በገዛ እጄ ነው። ከፖስታ ቤቱ በር የሚቀመጠው ጸሐፊ «ጋሼ፣ እኔ ልጻፍልዎ» ብሎኝ ነበር። የኔ ሆድ ጉዳይ እሱን ምን አገባው? ፊደሌ ቢንጋደድ ጥፋቱ የእጄ ነው፤ አሳቤ ቀጥ ያለ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። የካቲት ላይ ሰንበቴ ገበያ አንድ ግመል በርግጫ ጎኔን አለኝ። ከኋላው አለፍክ የሚሉ አሉ፣ ውሸት ነው። በጎን በኩል ነው ያለፍኩት። ጎረቤቴ በቀለ ሾፌሩ «ጎንዎ ተሰብሯል» ብሎ በጭነት መኪናው አዲስ አበባ አወጣኝ። የደብረ ሲናን ዳገት ስንወጣ ብርዱ ከርግጫው ባሰ።

ሆስፒታል ሸሚዝ አውልቅ አሉኝ፣ አወለቅሁ። ቀዝቃዛ ብረት ላይ አስተኙኝ። አንዲት ልጅ «አይተንፍሱ» አለችኝ፤ አልተነፈስኩም። «ይተንፍሱ» ማለቱን ረስታ ልትጨርሰኝ ነበር። እኔ ደግሞ ሳታዝዘኝ አልተነፍስም ብዬ እልህ ያዝኩ።

ከዚያ ፈረንጁ ሐኪም የራጁን ሥዕል መብራት ላይ ሰቅሎ አየ። አጥንትህ ሰንጠቅ ብሏል እንጂ አልተሰበረም፣ ራሱ ይገጥማል አለ በአስተርጓሚው። ቀጥሎ ዝም አለ። ልጄ፣ ሐኪም ዝም ከሚልብህ ግመል ቢረግጥህ ይሻላል። ወደ ሥዕሉ ጠጋ፣ መለስ፣ ጠጋ አለ።

«ይህ ነገር ከመቼ ጀምሮ ነው እዚህ ያለው ይልዎታል» አለኝ አስተርጓሚው።

«እኔን ነው የሚጠይቀኝ?»

«የማን ሆድ ነው ታዲያ?»

እሱም እውነቱን ነው። በቀኝ በኩል፣ ከጎድን አጥንቱ ሥር፣ ጉበት ባለበት ቦታ አንድ ክብ ነገር ተቀምጧል። ብርቱካን ያህላል። ዙሪያው እንደ እንቁላል ቅርፊት ነጭ ነው፣ መካከሉ ጥላ ነው። ሐኪሙ ይህን ያመጣው ግመሉ አይደለም፣ የቆየ ነው፤ በአንድ ሥዕል ግን ስሙን ልነግርህ አልችልም አለ። ደሜን ወሰደ። ሦስት አራት ወር ቆይተህ ና፣ እንደገና አንሥተን አድጎ እንደሆነ እናያለን አለ። ሥዕሉን እዚያ አልተውኩላቸውም። የራሴ ጉበት ነው።

አሁን መስኮቴ ላይ ሰቅዬዋለሁ። ሮቢት ውስጥ የገዛ ጉበቱን በዓይኑ ያየ ከኔ በቀር የለም። አጣዬም ገበያ ይዤው ሄጄ ነበር፤ ሰው እየተቀባበለ ወደ ፀሐይ ቀና አድርጎ አየው። ያላየው ሰው የለም ማለት እችላለሁ።

አንተ በዚያ አገር ሆስፒታል ይህንኑ ሥዕል የምታነሣ ሰው ነህ። ንገረኝ፣ ምንድን ነው? የሚያሟሟው መድኃኒት ካለ ላክልኝ። አልፈራሁም። ቶሎ ማወቅ ስላለብኝ ነው። ለምን ቶሎ እንደሆነ አትጠይቀኝ።

አንድ ኮትም ላክልኝ፣ ግራጫ። ትከሻዬ እንደ ድሮው ነው።

አላህ በሄድክበት ይከተልህ።

አጎትህ ሐሚድ እንድሪስ


ካርቱም፣ ሚያዝያ 3 ቀን 1963 ዓ.ም.

ቢስሚላሂ።

ለተከበሩ አጎቴ ለጋሼ ሐሚድ እንድሪስ። አሰላሙ ዓለይኩም። ናፍቆቴ ብዙ ነው፣ ለወረቀት አይበቃም፤ አላህ በደህና ያገናኘን። ደብዳቤዎ ሲደርሰኝ የማን እንደሆነ ሳልከፍተው አወቅሁ። «ካርቱም» የሚለው ቃል ሽቅብ ሽቅብ እያለ ቴምብሩ ላይ ወጥቷል።

ጋሼ፣ አስቀድሜ አንድ ነገር ልበል። እኔ ሥዕል አንሺ ነኝ እንጂ ሐኪም አይደለሁም። ሥዕሉንም አላየሁትም። ሆኖም የጻፉልኝን አብሬው ለምሠራው ሐኪም ቃል በቃል ተርጉሜ ነገርኩት። የሰጠኝን መልስ እነግርዎታለሁ።

ጉበት ላይ እንዲህ ያለ ነጭ ክብ የሚያሳዩ ነገሮች ከአንድ በላይ ናቸው። ከብትና ውሻ ባለበት አገር መጀመሪያ የሚታሰበው ግን ከውሻ የሚመጣ ትል ነው። ውሻ የታረደ ከብት ሆድ ዕቃ በልቶ ይይዘዋል። እንቁላሉ ለዓይን አይታይም፤ በእጅ፣ በምግብ ወደ ሰው ይገባል። ጉበት ላይ ሲያርፍ ውሃ የቋጠረ ከረጢት ይሠራል፤ ሰውዬው ምንም ሳይሰማው ዓመታት አብሮት ይኖራል። ሰውነትም በበኩሉ ዝም አይልም፤ ከረጢቱን ዙሪያውን እንደ ኖራ ያለ ግንብ ይገነባበታል። እርስዎ ያዩት ነጩ ክብ ያ ግንብ ሊሆን ይችላል። ግንቡ ዙሮ ከገጠመና ነገሩ ካላደገ፣ ብዙ ጊዜ ውስጡ ያለው ሞቷል ማለት ነው፤ እየጠበቁ ይተዉታል። ካደገ ወይም ሌላ ነገር ከሆነ ደግሞ መንገዱ ሌላ ነው። ሐኪምዎ ደምና ሁለተኛ ሥዕል ያለው ይህን ለመለየት ነው። ትክክል አድርጓል።

የሚያሟሟው መድኃኒት የለም። ቢኖር ኖሮ ራሴ ተሸክሜ እመጣ ነበር።

እስከዚያ ከባድ ጭነት አይሸከሙ፣ ጎንዎንም ለሌላ ግመል አይስጡ። ዓይንዎ ቢጫ ከሆነ፣ ትኩሳት ከያዘዎት፣ ወይም ያ ቦታ ከታመመ ቀኑን ሳይጠብቁ ይሂዱ። ሥዕሉንም ከመስኮቱ ያውርዱት፤ ፀሐይ ያጠፋዋል፣ ሐኪሙም ከአዲሱ ጋር ሊያስተያየው ይፈልገዋል።

ለምን ቶሎ እንደሆነ አትጠይቀኝ ብለዋል። አልጠየቅሁም። ግን አስቤበታለሁ። ኮቱንስ ለምን?

ልጅዎ አብዱረዛቅ


ሸዋ ሮቢት፣ ግንቦት 2 ቀን 1963 ዓ.ም.

በአላህ ስም።

ለአብዱረዛቅ። ሰላምታዬ እንደ በፊቱ ነው፣ በዚያው ቁጠርልኝ፤ ዛሬ እጄ ደክሟል።

ትል ነው ብለሃል። ይህን ብቻ ብትጽፍ ይበቃ ነበር፤ ረዥም ወረቀት ምን አደከመህ? የትልን መድኃኒት ላንተ ያስተማርኩ እኔ አይደለሁ? ደብዳቤህ በደረሰ ማግሥት ኮሶ አስፈጨሁ። ለአንጀት ትል አንድ ከበቃ ለጉበት ትል ድርብ ያስፈልጋል ብዬ ድርብ ጠጣሁ። በባዶ ሆድ።

ያየሁትን ሁሉ አልጽፍልህም። ሁለት በቀለ፣ ሁለት በር፣ ሁለት ፀሐይ አየሁ። የበቀለ ሚስት እመቤት ግቢው ውስጥ ወድቄ አግኝታኝ «ጋሼ ሐሚድ፣ ምን ሆነዋል?» ስትለኝ «የትኛዋ ነሽ የምትጠይቂኝ?» አልኳት አሉ። እኔ አላስታውስም። ሁለት ቀን ከዓልጋ አልወረድኩም። ከሆዴ ያልወጣ ነገር የለም፤ ክቡ ብቻ ቀረ። ፈልጌዋለሁ፣ የለም።

አሁን ደህና ነኝ። እግሬ ብቻ ትንሽ ይንቀጠቀጣል፤ ይህን ለማንም አልነገርኩም።

አሁን ሌላ ነገር ልንገርህ። የአጣዬው የጨው ነጋዴ ነጅሙዲን ቤቴ ድረስ መጣ። ሥዕሉን ገበያ ላይ አይቶታል፤ ኮሶውንም ሰምቷል። «ጋሼ ሐሚድ፣ ያ ነገር ከሆድዎ ሳይወጣ የጀመርነው ጉዳይ አይቀጥልም» አለኝ። እንደ ታዛዥ ልጅ ቁጭ ብዬ ሰማሁት። 

ጉዳዩ ምን እንደሆነ ይቆይህ። እኔ ግን ወስኛለሁ። ኮሶ ካላወጣው ቢላዋ ያውጣው። ይቅደዱኝ፣ ከረመዳን በፊት ቁስሉ ይድናል። ሐኪሙን የሚያሳምን ነገር ካለህ ቶሎ ጻፍልኝ።

አላህ ይጠብቅህ።

ሐሚድ እንድሪስ


ካርቱም፣ ግንቦት 25 ቀን 1963 ዓ.ም.

ቢስሚላሂ።

ጋሼ፣ አላህ አተረፈዎት። ደብዳቤዎን ሥራ ቦታ ነው ያነበብኩት፤ ሁለት ፀሐይ አየሁ የሚለው ላይ ስደርስ ተቀመጥኩ።

ጥፋቱ የኔ ነው። በእኛ አገር ትል ሲባል ኮሶ እንደሚታሰብ እያወቅሁ ትል ብዬ ዝም ማለቴ አይገባም ነበር። ኮሶ የሚያወጣው አንጀት ውስጥ የተጣበቀውን ነው። ጉበት ሌላ ቤት ነው፤ የጠጡት ኮሶ የዚያን ግንብ በር አያገኘውም፣ በር የለውማ። ድርብ ኮሶ ግን ዓይን ያጠፋል፣ ከዚያም አልፎ ይገድላል። እለምንዎታለሁ፣ ለዚህ ነገር ኮሶም ሥርም ቅጠልም እንዳይቀምሱ። ለሐኪሙም የጠጡትን ሳይደብቁ ይንገሩት።

ስለ ቢላዋው። ሰው ሁሉ ሐኪም ቤት ሲሄድ ቢላዋውን ይፈራል፤ እርስዎ ይለምኑታል። ይህ ስለ ጉበት ብቻ አይመስለኝም። ነጅሙዲን ማን ነው? የእርስዎ ሆድ ለጨው ነጋዴ ምኑ ነው?

አሁን ጠየቅሁ።

አብዱረዛቅ


ሸዋ ሮቢት፣ ሐምሌ 3 ቀን 1963 ዓ.ም.

በአላህ ስም።

ለእህቴ ልጅ ለአብዱረዛቅ፣ አላህ ዕድሜህን ከኔ ያስረዝመው።

በሰኔ ማለቂያ አዲስ አበባ ወጣሁ። ዝናቡ መንገዱን በልቶት ከደብረ ሲና በላይ መኪናውን ገፍተናል። ከባድ አትሸከም ብለኸኛል፣ መኪና አትግፋ አላልክም።

ሐኪሙ ሁለቱን ሥዕሎች ጎን ለጎን ሰቀለ። የኮሶውን ነገር ነግሬዋለሁ፤ አስተርጓሚው ሲተረጉምለት ፈረንጁ ራሱን ያዘ። ከዚያ ለካ፣ እንደገና ለካ። «አላደገም። ደሙም የውሻውን ትል ይመሰክራል። የሞተና የደረቀ ይመስላል። ተወው፤ በዓመት በዓመት እየመጣህ እናየዋለን» አለ።

«አውጡልኝ» አልኩ።

«አያስፈልግም ይላል።»

«እኔን ያስፈልገኛል በልልኝ።»

«ያምሃል?»

«አያመኝም።»

«ትበላለህ?»

«ካገኘሁ።»

«ታዲያ ያልታመመ ሆድ ለምን እቀዳለሁ? ባንተ ዕድሜ ከዚህ ነገር ይልቅ ቢላዋው ያሰጋሃል።»

«ዕድሜዬን ማን ነገረው?» አልኩ። አስተርጓሚው ይህን አልተረጎመውም። አስተርጓሚዎች ስትናደድባቸው ሥራቸውን ይቀንሳሉ።

መውጫዬ ላይ አስተርጓሚው ክንዴን ይዞ «አባቴ፣ እዚያ እናንተ አገር ወህኒ ቤት አለ አይደል? ጉበትዎ ይህን ነገር ዕድሜ ልክ አስሮታል። እስረኛውን ፈትቼ ላውጣ ብሎ ግንብ የሚያፈርስ ማን ነው?» አለኝ። ጥሩ ተናገረ። ልቤ ውስጥ ገብቷል። ግን የኔን ችግር አይፈታም።

ጠይቀኸኛል፣ እነግርሃለሁ። ይህችን መስመር ለመጻፍ ሁለት ወረቀት ቀድጃለሁ።

ሚስት ላገባ ነው።

ፋዲላ ትባላለች፣ የነጅሙዲን እህት። አጣዬ በርበሬና እህል ትሸጣለች። ባሏ የሞተባት ሴት ናት። የሞተው በሆዱ ነው፤ በተጋቡ በዓመቱ ሆዱ አብጦ። ስለዚህ ነጅሙዲን «እህቴ ሁለተኛ ባሏን በሆድ አትቀብርም» ቢል ሰው ሁሉ እውነት አለው ይላል። እኔም በሱ ቦታ ብሆን እንዲሁ እል ነበር። ሥዕሉን ገበያ ያወጣሁት እኔ ነኝ፤ ሌላ ማንን ልወቅስ?

አንተን ያልነገርኩህ ፈርቼ አይደለም። ፈሪሃ የኔ ሚስት ብቻ አልነበረችም፣ አንተን ጡት ካስጣሉህ ቀን ጀምሮ ያሳደገችህ እሷ ናት። ከሞተች አራት ረመዳን ጾሜያለሁ። አራቱንም ብቻዬን አፈጠርኩ። ሌላ ምን ልበልህ።

የምፈልገው ይህን ነው። አንተ የፈረንጅ ቋንቋ ታውቃለህ። ለሐኪሙ ጻፍለት፤ ሰውዬው ይፈልገዋልና ቅደደው በለው። እኔ እፈርማለሁ።

አላህ የምትሰጠኝን መልስ መልካም ያድርገው።

አጎትህ ሐሚድ


ካርቱም፣ ነሐሴ 12 ቀን 1963 ዓ.ም.

ቢስሚላሂ።

ለተከበሩ አጎቴ ለጋሼ ሐሚድ፣ ሰላም ለእርስዎ ይሁን።

መልሴ ዘግይቷል። ፖስታው አይደለም የዘገየው። ደብዳቤዎን አጥፌ ኪሴ ውስጥ ይዤው ከረምኩ። ስለ እናቴ ስለ እትዬ ፈሪሃ የጻፉትን በመጀመሪያ ሳነብ ተከፋሁ፤ ለምን እንደተከፋሁ ለራሴም መናገር አልቻልኩም። ኋላ ግን ብቻዬን አፈጠርኩ የሚለውን ደግሜ አነበብኩት። እሷ ብትሰማ በኔ ነበር የምትቆጣው፤ በአራት ዓመት አንድ ረመዳን መጥቼ አብሬዎት አልተቀመጥኩም። አላህ ጋብቻዎን የሰላም ያድርገው። ይህን ከልቤ ነው የምለው።

ለሐኪሙ ግን አልጽፍም። ጋሼ፣ ይቆጡኝ። ያልታመመ ሆድ ለሽማግሌ ማስደሰቻ አይቀደድም። ያንን ነገር ማውጣት ቀላል ሥራ አይደለም፤ ጉበት ብዙ ደም ያለው ሥጋ ነው። እዚህ ለቢላዋ በጤና ገብተው ተኝተው ያልተነሡ አይቻለሁ። ሐኪምዎ እምቢ ያለው እርስዎን ንቆ አይደለም።

አሁን እውነቱን ሳልቀንስ ሳልጨምር ልጻፍልዎ። ነገሩ አላደገም፤ ይህ ደግ ነው። ግንቡ ሙሉ ነው፤ ይህም ደግ ነው። ሕመም፣ ትኩሳት፣ ቢጫነት የለም። እነዚህን ሁሉ አንድ ላይ ሲያዩ ሐኪሞች ሞቷል ብለው ያምናሉ፣ እኔም አምናለሁ። ፍጹም እርግጠኛ ነኝ የሚል ሐኪም ግን አያገኙም፤ በየዓመቱ የሚያዩትም ለዚህ ነው። የፋዲላ ባል የሞተበት ሕመም ሌላ ሊሆን ይችላል፤ እኔ አላውቅም፣ ነጅሙዲንም አያውቅም።

እስከ አሁን ስለዚህ ነገር ያወሩት ከነጅሙዲን ጋር ነው። ታማሚ አስታማ የቀበረችው ግን እሷ ናት። ሄደው ለእሷ ይንገሯት። ደግሞ እባክዎ ፉከራውን ቤት ጥለውት ይሂዱ።

ኮቱን በፖስታ ልኬያለሁ። ትከሻው እንደ ድሮው ነው ብለዋል፤ ሚስቴ ግን ትንሽ አጥብባዋለች።

ልጅዎ አብዱረዛቅ


ሸዋ ሮቢት፣ መስከረም 26 ቀን 1964 ዓ.ም.

በአላህ ስም፣ ምስጋናም ለሱ።

ለልጄ ለአብዱረዛቅ። አዲሱን ዓመት የጥጋብና የጤና ያድርግልህ፤ ደጅህን የሚያንኳኳው ሁሉ ደግ ወሬ ይዞ ይምጣ።

ደብዳቤህን ሳነብ ተናድጄ ጣራው ሥር ወረወርኩት። በማግሥቱ አወረድኩት። ኮቱን ለበስኩ፣ ልክ ነው፤ ለሚስትህ ንገርልኝ፣ እኔ ግን አልጠበብኩም።

አጣዬ ሄድኩ። ፋዲላ በርበሬ እየሰፈረች ነበር። ሁለቱን ሥዕሎች አወጣሁ።

«ደግሞ ገበያ ሊያሳዩት ነው?» አለችኝ።

«ላንቺ ነው ያመጣሁት።»

እጇን በነጠላዋ ጠርጋ ተቀበለችኝ። ሰው ሁሉ ሲያየው ክቡን ብቻ ነበር የሚፈልገው። እሷ ከላይ እስከ ታች አየችው። ሁለተኛውንም እንዲሁ። ከዚያ ጠየቀችኝ፤ እንደ ዳኛ ነው የጠየቀችኝ። ሌሊት ያላብዎታል? ምግብ ይዘጋዎታል? ቀበቶዎ ጠቦብዎታል? ሁሉንም የለም አልኩ። የለም ስል ደግሞ ዓይኔን ገልጣ አየች፣ ቢጫ እንደሆነ። በገበያ መካከል!

«ይህ ነገር ይገድልዎታል?» አለችኝ በመጨረሻ።

ልጄ፣ አፌ ላይ የነበረውን ታውቀዋለህ። ግመል ያልገደለኝን ይህ ይገድለኛል? ልል ነበር። ግን ደብዳቤህ ኮቴ ኪስ ውስጥ ነበረ።

«ሐኪሞቹ አይመስለንም ይላሉ። የሞተ ነው ይላሉ። እኔም አምናቸዋለሁ። በእርግጥ ግን አላውቅም» አልኩ።

 አንድ ገዢ ቆሞ ዋጋ ቢጠይቃት አልሰማችውም።

«ያ ሰውዬ» አለች፣ የሞተው ባሏን ነው፣ «ሆዱን ሳየው ምንም የለም ይለኛል። ቀበቶው አልደርስ ብሎት ምንም የለም። ከዓልጋ መነሣት አቅቶት ምንም የለም። አንድ ቀን ብቻ አላውቅም ቢለኝ ሐኪም ዘንድ ጎትቼ እወስደው ነበር።»

ከዚያ ቃል አስገባችኝ። ቢላዋ የሚባል ነገር ሁለተኛ እንዳላነሣ። ኮሶ ያለ እሷ እንዳልጠጣ። ሐኪም ዘንድ በየዓመቱ ስሄድ አብራኝ እንድትገባ፣ እስከ ውስጥ ድረስ። «ሐኪሙ የሚነግረው ለእኔ ነው፤ ያንተን ትርጉም አልፈልግም» አለችኝ። ከአንቱ ወደ አንተ ያለፈችው በዚህ መሐል ነው፤ እኔም አላረምኳትም። የመጨረሻው ግን ከበደኝ። «ይህን ለኔ እንደነገርከኝ አድርገህ ለወንድሜ በሽማግሌ ፊት ትነግረዋለህ። አላውቅም የምትለዋን ሳትዘል።»

ስለዚህ የኒካሑ ቀን ሸሁና ሽማግሌዎቹ ተቀምጠው፣ በቀለም እመቤትም ከጎረቤት መጥተው፣ አዲሱን ኮት ለብሼ ተነሣሁ። እግሬ ትንሽ ተንቀጠቀጠ፣ የኮሶው ነው። «ጉበቴ ላይ ከውሻ የመጣ አንድ የደረቀ ነገር አለ» አልኩ። «ሐኪም ሁለት ጊዜ አይቶታል። አላደገም። የሞተ ነው ብለው ያምናሉ፣ ማውጣቱ ከመተዉ የባሰ ነው ብለዋል። ነገ ምን እንደሚሆን ግን አላውቅም፤ የሚያውቅም ሰው አላገኘሁም። ይህን ሰምታችሁ የምትሰጡኝ ከሆነ ስጡኝ። የማትሰጡኝም ከሆነ አልቀየምም።» አልቀየምም ያልኩት ውሸት ነበር፤ ሌላው ሁሉ እውነት ነው።

ሁሉም ወደ ነጅሙዲን ዞረ። እሱ መሬት መሬቱን አየ። ከዚያ «ከዚህ ወዲያ ምን ልጠይቅ? ሰውዬው ሆዱን ከፍቶ አሳየኝ» አለና እጁን ዘረጋልኝ። ሸሁ ዱዓ አደረጉ።

ሰው ሲበላ ሲጠጣ ነጅሙዲን ክንዴን ይዞ ወደ አጥሩ ወሰደኝ። ዞር ዞር ብሎ አየና ሸሚዙን ገለጥ አድርጎ ቀኝ ጎኑን ዳሰሰ።

«ጋሼ ሐሚድ፣ እኔም ውሻ አለኝ» አለኝ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ያ ሥዕል የሚነሣበት ቤት... መግቢያው በየት ነው?»

በመጋቢት ሦስታችን እንወጣለን።

አላህ አንተንም ያምጣልን።

አጎትህ ሐሚድ እንድሪስ